በምንባቡ ያልተጻፈውን መልስ ስለሚጠይቅ አንድ የልምምድ መጽሐፍ

አምስተኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ ከሚገኝ መጻሕፍት መደብር በ350 ብር የገዛሁት የልምምድ መጽሐፍ ስለ ሳይንስና ስለ ተፈጥሮ የሚያወሱ 40 አጫጭር የአማርኛ ምንባቦችን የያዘ ነው። በመግቢያው እንደተገለጸው ዓላማው ተማሪው በምንባቡ በቀጥታ ያልተነገረውን ነገር ከተሰጡት ፍንጮች ተነሥቶ ራሱ እንዲደርስበት ማለማመድ ነው። «እውነት ወይም ሐሰት» እና «ክፍት ቦታውን ሙሉ» በሚሉ ጥያቄዎች ከምንባብ ዐረፍተ ነገር እየገለበጥን ላደግን ሰዎች ይህ ዓላማ ብቻውን መጽሐፉን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነበር፤ ሁለት ወር ያህል ከሠራንበት በኋላ ግን ዓላማውን በሚገባ የሚያሟሉት ምንባቦች ከግማሽ ብዙም እንደማይበልጡ ተረድቻለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ስለ ውኃ መፍላት የተጻፈው ነው። ምንባቡ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ፣ የአየር ግፊት በሚቀንስበት ከፍታ ላይ ግን በአነስተኛ ሙቀት እንደሚፈላ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባም መፍያው 92 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ ይናገርና፣ ምግብን የሚያበስለው የውኃው ሙቀት እንጂ መንተክተኩ አለመሆኑን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል። ጥያቄው አንድ ዓይነት ሽምብራ በአዲስ አበባና በጅቡቲ በተራ ድስት ቢቀቀል የትኛው ቀድሞ ይበስላል የሚል ነው። ልጄ «እዚህ ውኃው ቶሎ ስለሚፈላ እዚህ ይቀድማል» ብላ መለሰች። ሳላርማት ምንባቡን ደግማ እንድታነብ ብቻ ነገርኳት፤ ያቺ ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ቆም አለችና መልሷን ራሷ ሰረዘችው። አዘጋጁ ለስሕተቱም ለማረሚያውም ቦታ አስቦ እንደጻፈ የሚያስታውቅ ምንባብ ነው። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ እንደሚውል ከገለጸ በኋላ፣ በሌሎች ዝንጀሮዎች መቀመጫ ላይ የሚታየው ቀይ ምልክት በእርሱ ለምን ደረቱ ላይ እንደሆነ የሚጠይቀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጉድለቱ በሁለት መልክ ይታያል። የመጀመሪያው መልሱን አስቀድሞ መናገር ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስለተገኘችው ድንቅነሽ የሚያወሳው ምንባብ ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆንም የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ በቅለው እንደነበር ይገልጻል። እዚህ ላይ ቢያቆም፣ ልጆች ትንሽነቷን አይተው ሕፃን ናት ከማለታቸው በፊት ጥርሷን እንዲያስቡ የሚያስገድድ ግሩም ጥያቄ ይወጣው ነበር፤ ምንባቡ ግን «ስለዚህ አዋቂ ነበረች» ብሎ ይጨርስና ወዲያው አዋቂ ነበረች ወይስ ሕፃን ብሎ ይጠይቃል። ይህ ያው መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። በባሌ የሳነቴ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው ፍልፈልና አይጥ አድኖ እንደሚበላ የሚተርከው ምንባብ ስለ በሽታም ሆነ ስለ ውሻ አንዳች ሳይናገር ቁጥሩ ለምን እንደተመናመነ ይጠይቃል፤ የመልስ ገጹ ደግሞ ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ይላል። መልሱ ከእውነታው አንጻር ትክክል ነው፤ በሽታው ለቀይ ቀበሮ ከባድ ሥጋት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ምንባብ ማንም ሊደርስበት አይችልም። ልጄ «ፍልፈሉ አንሶ ይሆናል» ብላ የጻፈችው ከተሰጣት ፍንጭ ጋር ይበልጥ የሚሄድ ሆኖ ሳለ በመልስ ገጹ መሠረት ዜሮ ታገኛለች።

ኅትመቱ ደህና ነው፤ ሥዕሎቹ ግን ደብዛዛ ናቸው። ይልቁንም ያሳሰበኝ የመልስ ገጹ መልሱን ብቻ እንጂ በየትኛው መስመር ላይ እንደተመሠረተ አለማሳየቱ ነው፤ ወላጅ አብሮ የማይቀመጥ ከሆነ ልጁ የተሳሳተበትን ምክንያት ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ከልጃቸው ጋር በቀን ሩብ ሰዓት የሚቀመጡ ወላጆች ቢገዙት አይቆጩም፤ ልጃቸው ለብቻው እንዲሠራው ለሚያስቡ ግን አልመክርም። እኔ የመልስ ገጾቹን ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ልጄም ከእያንዳንዱ መልስ ጎን መልሷን ያገኘችበትን የመስመር ቁጥር ትጽፋለች።