በቦርከና ዳር ዘጠኝ ወር፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ በበዓል ቀን ጉዞ ሲመዘን

ይህንን የኤሌክትሪክ ብስክሌት የገዛሁት በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አሁን እንቁጣጣሽ አልፎ መስከረም ሲጋመስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከ1,400 በላይ ያሳያል፤ አብዛኛው የተነዳውም በበዓልና በእረፍት ቀን፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ በሚወርደው የእግር መንገድና ኮረኮንች ላይ ነው። ስለዚህ ግምገማዬ የሚጠቅመው በፍጥነት ለመድረስ ወይም ዕቃ ለማመላለስ ለሚያስብ ሰው ሳይሆን፣ በወንዝ ዳር ዝግ ብሎ መሄድ ለሚወድ ሰው ነው።

ብስክሌቱ የአውሮፓን ደንብ ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ 250 ዋት ነው፣ ሰው ተቀምጦ ሲነዳው የሚያግዘው ፔዳሉ ሲሽከረከር ብቻ ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ እገዛውን ያቋርጣል። ሞተሩ ከኋላው ጎማ መሐል ተገጥሟል፤ ባትሪው 36 ቮልትና 13 አምፒር-ሰዓት፣ ማለትም ሲሞላ የሚይዘው ኃይል 468 ዋት-ሰዓት ነው፤ ክብደቱ ከነባትሪው 24 ኪሎ ይመዝናል። ስገዛው ብዙ ሰዎች ይህ ሞተር ለወሎ ዳገት ምን ይፈይዳል ብለውኝ ነበር።

ጥያቄው ተገቢ ስለነበር በፋሲካ ማግስት ወደ ደሴ ወጣሁበት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እኔ፣ ብስክሌቱና ጓዜ ተደምረን 100 ኪሎ እንሆናለን፤ ይህን ክብደት 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ፣ የነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ሳይታሰብ፣ 163 ዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ ከባትሪው ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። እኔም በእግሬ እያገዝሁት ደሴ ስደርስ ከአምስቱ የባትሪ ምልክቶች የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ የሞተሩም ሽፋን እጅ አያስነካም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጎማው መሐል ያለ ሞተር የብስክሌቱን ማርሽ ስለማይጠቀም በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ከሚበላው ኃይል ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል። አየሩ በመሳሳቱ እንደ ቤንዚን ሞተር አለመድከሙ መልካም ነው፤ ቢሆንም ሐረጎን በየሳምንቱ ሊወጣ የሚያስብ ሰው ሞተሩ ከፔዳሉ ጋር የተገጠመውን ዓይነት ይፈልግ። እኔ ሁለተኛ አልሞከርሁትም።

የብስክሌቱ እውነተኛ ቦታ ከታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ፣ ኮምቦልቻን የሚያቋርጡት ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ወንዞች ከተቀላቀሉት በኋላ፣ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲያመራ መሬቱ እየረጋ ይሄዳል። በዚያ መንገድ ላይ በበዓል ቀን ሰው ሳያገኙ መቶ ሜትር መሄድ አይቻልም፤ ለዒድ ቢሆን ለእንቁጣጣሽ፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመለስ ዘመድና ጎረቤት አለ፤ በእኛ አገር ደግሞ ሰውን በብስክሌት ላይ ሆኖ እጅ እያውለበለቡ ማለፍ ነውር ነው። ወርዶ፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቆ፣ «ግባና ቡና ጠጣ» ሲባል ምክንያቱን አስረድቶ ነው የሚታለፈው። በተራው ብስክሌቴ እያለሁ ይህ ሁሉ መቆም ያደክመኝ ነበር፤ ከባዱ ነገር መሄድ ሳይሆን ከቆሙበት እንደገና መነሣት ነበርና፣ አንዳንድ ጊዜም ሰው እንዳያስቆመኝ ዳር ዳሩን እሄድ እንደነበር አልክድም። አሁን ሃያ ጊዜ ቆሜ ሃያ ጊዜ ብነሣ ጉልበቴ አይሰማውም። ገንዘቤን ያወጣሁበትን ነገር ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ጉድለቱም ያለው በዚያው በመነሣቱ ላይ ነው። ብስክሌቱ የሚያውቀው ፔዳሉ መዞሩን እንጂ እግር የሚያሳርፍበትን ጉልበት አይደለም። ስለዚህ ፔዳሉን ስረግጥ መጀመሪያ ምንም አይሆንም፤ ግማሽ ዙር ያህል ከዞረ በኋላ ሞተሩ በድንገት ነቅቶ ወደፊት ይገፋል። በአስፋልት ላይ ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ወንዙ ቦረቦር በሠራበት፣ በግራ ማሽላ፣ በቀኝ ሁለት ሜትር ገደል ባለበት፣ ጠጠሩ ከጎማ ሥር በሚንሸራተትበት ቀጭን መንገድ ላይ ግን ያች ግማሽ ዙር ታስፈራለች። መፍትሔ ያደረግሁት እገዛውን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጎ፣ ፍሬኑን በስሱ ይዞ መነሣትን ነው፤ ፍሬኑ ሲያዝ ሞተሩ ስለሚቆም፣ ፍሬኑን የምለቀው ሚዛኔን ካገኘሁ በኋላ ነው። የእግርን ጉልበት የሚመዝን ብስክሌት ዋጋው ቢጨምርም፣ ዳግም የምገዛ ብሆን ከሞተሩ ዋት በፊት የምጠይቀው እርሱን ነው።

በዝቅተኛው ደረጃ አንድ ሙሉ ባትሪ በወንዙ ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደኛል። ቻርጀሩ 2 አምፒር ብቻ ስለሆነ ባዶውን ለመሙላት ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የሚበላው መብራት ግን ከግማሽ ኪሎዋት-ሰዓት ብዙም አያልፍም። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ የሊቲየም ባትሪ በጎዶሎ መቆየቱ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ሁልጊዜ ሞልቶ ከሚቀመጥ ይልቅ በግማሽ ቢያድር ዕድሜው ይረዝማል። ከፀሐይ እንደገባሁ ወዲያው አልሰካውም፤ ጥላ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ አንድ ሰዓት እተወዋለሁ።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መረሬው አፈር በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል እንደ ሊጥ እየተጠቀጠቀ ጎማውን ያቆመዋል። በእንጨት እየፈለቀቅሁ ሦስት ጊዜ ያህል ከተመለስሁ በኋላ የኋላውን መከላከያ ፈትቼ ቤት አስቀመጥሁት። ሰኔ ላይ ደግሞ የግራር እሾህ የኋላውን ጎማ በሳብኝ፤ የወሰድሁበት ጎሚስታ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሆኖም የሞተሩን ሽቦ አይቶ ለመንካት ፈራ። ሽቦው ከጎማው አጠገብ መሰኪያ አለው፤ እርሱን መንቀል፣ ከዚያ ሁለቱን ትላልቅ ብሎኖች መፍታት ነው። እንዲያ አድርገን አብረን አወጣነው። ስመልሰው ግን መሰኪያውን እስከ መጨረሻው ስላልገፋሁት ውሃ ገብቶበት ሞተሩ ለሁለት ቀን እየበራ እየጠፋ አስቸገረኝ፤ አድርቄ በደንብ ስሰካው ተስተካከለ። የፊት ፍሬኑን ሸራ አንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ። ከዚህ ሌላ የተበላሸ ነገር የለም።

በመጨረሻ፣ ስገዛው ከቁጥር ያልጣፍሁት አንድ ነገር አለ። በመሪው ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ሞተሩ ብስክሌቱን ያለ ነጂ፣ ሰው አጠገቡ እየሄደ፣ በሰዓት እስከ 6 ኪሎ ሜትር ይገፋዋል። አጎቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በየበዓሉ ወንዙ ዳር ወዳለው ማሳቸው በምርኩዝ መሄድ ይወዳሉ። ድፎ ዳቦውንና ጀበናውን ከኋላ ጭኜ፣ ቁልፉን ተጭኜ አጠገባቸው እሄዳለሁ። ፍጥነቱ ለእርሳቸው ይበዛል፤ ስለዚህ ጥቂት እጫንና እለቃለሁ፣ እጫንና እለቃለሁ። አንድ ቀን ዳቦው ሊወድቅ ሲል ደንግጬ ስይዘው ቆም ብለው «አብሽር ልጄ፣ ምን አስቸኮለን» አሉኝ። ከመሪው ቁልፎች ሁሉ ምልክቱ በአውራ ጣቴ ተፍቆ የጠፋው የዚህኛው ብቻ ነው፤ የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ እያለ ይህን ቁልፍ ተጭኖ፣ ብስክሌቱ ላይ ዕቃ ጭኖ፣ ከአንድ አዛውንት እርምጃ ጋር ይሞክረው።