ከካንኩን አየር ማረፊያ ወደ ፕላያ ዴል ካርመን በኤዲኦ አውቶቡስ

ከሜክሲኮው ካንኩን አየር ማረፊያ ወደ ባሕር ዳር ከተማዋ ፕላያ ዴል ካርመን ለሚሄድ መንገደኛ ከታክሲ ይልቅ ኤዲኦ (ADO) የተባለውን የአገሪቱን የአውቶቡስ ኩባንያ አውቶቡስ እንመክራለን። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትራፊክ ካልያዘው አንድ ሰዓት ግድም ይፈጃል። ወንበሩ ምቹ ነው፣ ኤሲው ግን በጣም ይበርዳል፤ ሹራብ ከሻንጣችሁ አውጡ። ሻንጣው ከታች ሲጫን የሚሰጣችሁን ቁራጭ ወረቀት አትጣሉ፤ ስትወርዱ ትጠየቃላችሁ።

ፈተናው ያለው ከመሳፈር በፊት ነው። ከጉምሩክ እንደወጣችሁ በአዳራሹ ውስጥ «ታክሲ ትፈልጋላችሁ?» እያሉ የሚጠሯችሁ ሰዎች አብዛኞቹ የጉብኝትና የታይምሼር (በዓመት ለተወሰነ ጊዜ የሚያገለግል የመዝናኛ ቤት ድርሻ) ሻጮች ናቸው። ሳትቆሙ እለፏቸውና ኤዲኦ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መሸጫ ፈልጉ። በዶላር ሳይሆን በፔሶ ክፈሉ። ኤቲኤም ሂሳቡን በአገራችሁ ገንዘብ ላስላው ወይ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ፤ የማሽኑ ምንዛሪ ብዙውን ጊዜ ከባንካችሁ የባሰ ነው።

ፕላያ ውስጥ ሁለት መናኸሪያ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአየር ማረፊያው አውቶቡስ በተለምዶ የሚያወርደው በ5ኛው ጎዳናና በሁዋሬዝ ጎዳና መገናኛ ነው፤ ወደ ኮዙሜል ደሴት የሚሄደው ጀልባ ወደብ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ሁለተኛው መናኸሪያ 20ኛው ጎዳና ላይ ይገኛል። የመመለሻ ትኬት ስትቆርጡ የመነሻውን ስም በደንብ አንብቡ።