«እወድሻለሁ» ወይስ «አፈቅርሻለሁ»?

ሁለቱም ፍቅርን ይናገራሉ፤ ስፋታቸው ግን አይገናኝም።

መውደድ፦ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለጓደኛ፣ ለአምላክ፣ ለሥራ፣ ለንባብም ይሆናል። ስለዚህ ብዙም አያሳስትም። ችግሩ የትርጉሙ ብዛት ነው፦ «ወዶ ነው» ሲባል በፈቃዱ ማለት ነው፤ «ዕቃው ተወደደ» ሲባል ደግሞ ዋጋው ናረ። ስለ ሰው ሲጻፍ ከ«ተወደደ» ይልቅ «ተወዳጅ ሆነ» ይሻላል።

ማፍቀር፦ በዛሬው አማርኛ በአብዛኛው የጥንዶች ቃል ነው። «አለቃዬን አፈቅረዋለሁ» ያለች ሠራተኛ አድናቆቷን ልትገልጽ አስባ ሌላ ነገር ተናግራለች። በግዕዝ ግን «አፍቀረ» አምላክንም ባልንጀራንም ያካትታል፤ በመንፈሳዊ ጽሑፍ ሰፋ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የሚገርመው ስሙ ነው። ግሱ ቢጠብም «ፍቅር» አልጠበበም፦ የእናት ፍቅር፣ የአገር ፍቅር እንላለን። «ወዳጅ» እና «ፍቅረኛ» ግን ሁልጊዜ አይተካኩም።

ስሜቱን ገና ለሚገልጽ «እወድሻለሁ» ይበቃል፤ ለዛም አለው። «እንደ እህት ነው ወይስ…» የሚል ጥያቄ ከተነሳ «አፈቅርሻለሁ» ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ስለ ፍቅር አጀማመር ሲተረክ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ከተቀዳው «በፍቅር ወደቀ» ይልቅ «ፍቅር ያዘው» ይጣፍጣል።