የቤንዚን ቅናሽ የሚሰጡ መተግበሪያዎች ሲነጻጸሩ፦ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚያሽከረክሩ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት እያሽከረከሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ የቤንዚን ዋጋ ከሥራቸው ገቢ ላይ በየቀኑ የሚቀነስ ወጪ ነው። በአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉት የነዳጅ መክፈያና የቅናሽ መተግበሪያዎች ሁሉም «በጋሎን ይህን ያህል ሳንቲም ይቆጥቡ» እያሉ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱን ከሌላው ጋር ለማወዳደር የሚያስችለው የሚያስተዋውቁት የቅናሽ መጠን ሳይሆን፣ ቅናሹ፣ የካርዱ ተመላሽና የአባልነት ክፍያው ሁሉ ከታሰበ በኋላ ለአንድ ጋሎን ከኪስ የወጣው ገንዘብ ነው። በዚህ ጽሑፍ መተግበሪያዎቹን የማመዛዝነው በዚሁ መለኪያ ነው።

ከአዲስ አበባ በቅርቡ ለመጣ አሽከርካሪ አንድ ልዩነት አስቀድሞ ግልጽ ሊሆንለት ይገባል። በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጀምሮ ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት የዲጂታል መንገዶች መክፈል ግዴታ ሲደረግ፣ የስልኩ ድርሻ ክፍያውን ማስተላለፍ ነበር፤ የችርቻሮ ዋጋውን መንግሥት ስለሚተምነው አንዱን ማደያ ትቶ ወደ ሌላው መሄድ በዋጋ ረገድ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። በአሜሪካ ግን እያንዳንዱ ማደያ ዋጋውን ራሱ ይወስናል፤ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ማደያዎች በጋሎን የ30 ሳንቲም ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ እዚህ የመተግበሪያው የመጀመሪያ ጥቅም የት እንደሚቀዳ መጠቆሙ ሲሆን፣ ቅናሹ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ መተግበሪያዎቹ ከመግባታችን በፊት በማደያው ሰሌዳ ላይ ስለሚታዩት ሁለት ዋጋዎች መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ማደያዎች ለጥሬ ገንዘብ አንድ ዋጋ፣ ለክሬዲት ካርድ ደግሞ ከፍ ያለ ሌላ ዋጋ ይለጥፋሉ፤ ዴቢት ካርድን አንዳንዱ ከጥሬ ገንዘብ፣ አንዳንዱ ከክሬዲት ጋር ይመድበዋል። በመተግበሪያ የሚከፈል ክፍያ በአብዛኛው በክሬዲቱ ዋጋ ስለሚታሰብ፣ ቅናሹም የሚቀነሰው ከዚያ ከፍ ካለው ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ የጥሬ ገንዘቡ ዋጋ 3.20 ዶላር፣ የክሬዲቱ ደግሞ 3.30 ዶላር ቢሆንና መተግበሪያው 5 ሳንቲም ቢቀንስ፣ አሽከርካሪው 3.25 ዶላር ይከፍላል፤ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍለው ጎረቤቱም በጋሎን 5 ሳንቲም አብልጦ አወጣ ማለት ነው። ይህን ሳያስተውሉ «ቆጠብን» ብለው የሚሄዱ ሰዎች በመኖራቸው ነው ጉዳዩን አስቀድሜ ያነሳሁት። ስሌቱ የሚገለበጠው በነዳጅ ላይ 3 በመቶ የሚመልስ ክሬዲት ካርድ ሲጨመርበት ነው፤ ያን ጊዜ ከ3.25 ዶላሩ ላይ ወደ 10 ሳንቲም የሚጠጋ ስለሚመለስ የመጨረሻው ዋጋ 3.15 ዶላር ገደማ ይሆናል። የካርዱ ዕዳ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ግን ወለዱ ይህን ሁሉ ትርፍ ስለሚበላው፣ ዕዳ እያሳደረ ለሚሄድ ሰው የጥሬ ገንዘቡ ዋጋ ይሻለዋል።

ከየትኛውም የነዳጅ ኩባንያ ጋር ካልተሳሰሩት መተግበሪያዎች መካከል በስፋት የሚታወቁት ጋዝበዲና አፕሳይድ ሲሆኑ፣ አሠራራቸው እጅግ የተለያየ ነው። ጋዝበዲ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ አሽከርካሪዎች ራሳቸው የየማደያውን ዋጋ እየመዘገቡ የሚያካፍሉበት አገልግሎት ነው፤ በብዙ ቦታ የጥሬ ገንዘቡንና የክሬዲቱን ዋጋ ለይቶ ማሳየቱ ብቻውን ስልክ ላይ እንዲኖር የሚያበቃው ይመስለኛል። ቅናሽ የሚሰጠው ደግሞ በራሱ የመክፈያ ካርድ በኩል ነው። ይህ ካርድ ከተጠቃሚው ቼኪንግ አካውንት ጋር ተያይዞ ገንዘቡን በቀጥታ ከባንክ ይስባል፤ ወርሃዊ ክፍያ ለሚከፍሉ ደንበኞች የቅናሹ መጠን ከፍ ይላል። ጥቅሙ ቅናሹ ወዲያውኑ የሚታሰብ መሆኑ፣ ክሬዲት ካርድ ለሌለው አዲስ መጤም መሥራቱና በአብዛኞቹ ማደያዎች ተቀባይነት ማግኘቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሁለት ነው፦ በዚህ ካርድ የከፈለ ሰው የራሱን ክሬዲት ካርድ ስላልተጠቀመ የካርዱን ተመላሽ ያጣል፤ ገንዘቡ ከቼኪንግ በሚሳብበት ቀን በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለም ባንኩ የሚጥለው ቅጣት የብዙ ወራት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

አፕሳይድ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ በዋሽንግተን ዲሲ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዋጋውን ማደያው ላይ አይቀንስም፤ ከተከፈለ በኋላ ተመላሽ ገንዘብ በተጠቃሚው ሂሳብ ላይ ያስቀምጣል። አሽከርካሪው ከመቅዳቱ በፊት በካርታው ላይ ከሚታዩት ማደያዎች የአንዱን ቅናሽ ለራሱ ይይዛል፣ በመተግበሪያው ባስመዘገበው ካርድ ይከፍላል፣ ከዚያም እዚያው መድረሱን በስልኩ ያረጋግጣል ወይም የደረሰኙን ፎቶግራፍ ይልካል። የተጠራቀመው ገንዘብ ወደ ባንክ ወይም ወደ ፔይፓል ይተላለፋል። ከጋዝበዲ የሚበልጥበት ዋና ምክንያት ክፍያው የሚፈጸመው በራስ ክሬዲት ካርድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ጥቅሞች ስለሚደራረቡ፣ ከላይ በጠቀስኩት 3.30 ዶላር ላይ አፕሳይድ 12 ሳንቲም ቢመልስና ካርዱ 3 በመቶውን ቢጨምርበት፣ የመጨረሻው ዋጋ ወደ 3.08 ዶላር ይወርዳል። ይሁን እንጂ የሚቀርበው ቅናሽ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንደ ማደያው፣ እንደ ቀኑና እንደ ተጠቃሚው ይለዋወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታየው ትልቅ ቁጥርም እንዳለ አይቆይም። በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው አይሠራም፤ የማደያው የራሱ ቅናሽ አብሮ ሲሠራም ተመላሹ ሊቀንስ ይችላል። ሌላው አደጋ ደግሞ የ10 ሳንቲም ተመላሽ የሚሰጠው ማደያ ከአጠገቡ ካለው በ20 ሳንቲም የሚወደድ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ዋጋውን በጋዝበዲ አይቶ፣ ተመላሹን ከአፕሳይድ መውሰድ ሁለቱንም በየሚችሉት ሥራ ማሠራት ስለሆነ፣ ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

የነዳጅ ኩባንያዎቹ የራሳቸው መተግበሪያዎች ቅናሻቸው አነስተኛ ቢሆንም የተረጋጋ ነው። የሼል ፉል ሪዋርድስ በብር (ሲልቨር) የአባልነት ደረጃ 3 ሳንቲም፣ በወርቅ (ጎልድ) ደረጃ 5 ሳንቲም ለእያንዳንዱ ጋሎን ይቀንሳል፤ በአንድ ጊዜ ቅናሽ የሚሰጠው እስከ 20 ጋሎን ድረስ ስለሆነ ለተራ መኪና ከበቂ በላይ ነው። ለአካባቢያችን ነዋሪ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከጃየንት ሱፐርማርኬት ጋር ያለው ግንኙነት ነው፦ በጃየንት የተጠራቀመ 100 ነጥብ በተሳታፊ የሼል ማደያዎች ለእያንዳንዱ ጋሎን 10 ሳንቲም ያስቀንሳል። አስቤዛውን ዘወትር ከጃየንት የሚሸምት ቤተሰብ ይህን ነጥብ በየወሩ ሳይጠቀምበት እንዲቃጠል መተዉ በእርግጥ ያሳዝነኛል፤ ነጥቡን ለአንድ ሊትር ወተት ከማዋል ይልቅ ታንኩ ባዶ በሆነበት ቀን ለነዳጅ ማዋሉም የበለጠ ያተርፋል፤ ምክንያቱም ቅናሹ በጋሎን ብዛት ስለሚባዛ ነው። በግማሽ ታንክ ላይ መጠቀሙ ጥቅሙን በግማሽ መቀነስ ይሆናል።

የኤክሶንሞቢል መተግበሪያ በአንድ ጋሎን 3 ነጥብ ይሰጣል፤ 100 ነጥብ 1 ዶላር ስለሚያወጣ፣ ቅናሹ በጋሎን 3 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ይህ ከሼል የብር ደረጃ ጋር እኩል፣ ከሌሎቹ ግን ያነሰ ነው፤ ሆኖም አሽከርካሪው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የፓምፑን ቁጥር መርጦ መክፈል መቻሉ በክረምት ሌሊት ለሚሠራ ሰው ዋጋ አለው። ኩባንያው በዚህ መንገድ ቀዳሚ ነበር፤ ሞቢል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል «ስፒድፓስ» የተባለ ትንሽ መሣሪያ ፓምፕ ላይ እያስጠጉ መክፈልን ያስጀመረው ዘመናዊ ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ዓመታዊ ክፍያ ከሚጠይቁት መካከል ዋልማርት ፕላስ በኤክሶን፣ በሞቢል፣ በመርፊና በዋልማርት ማደያዎች በጋሎን 10 ሳንቲም ይቀንሳል። አባልነቱ በዓመት 98 ዶላር ስለሆነ፣ በነዳጅ ብቻ ወጪውን ለመመለስ በዓመት 980 ጋሎን መቅዳት ያስፈልጋል፤ በሳምንት 10 ጋሎን የሚበቃው ቤተሰብ በዓመት የሚቀዳው 520 ጋሎን ነውና አይደርስበትም፣ በሳምንት 40 ጋሎን የሚቀዳ የኡበር አሽከርካሪ ግን ከ2,000 ጋሎን በላይ ስለሚቀዳ ከ200 ዶላር በላይ ይቀነስለታል። በየወሩ 12.95 ዶላር እየከፈለ አባል የሆነ ሰው ግን ወጪው በዓመት ከ155 ዶላር ስለሚያልፍ፣ ሊቀዳ የሚገባው ወደ 1,550 ጋሎን ይደርሳል። አማዞን ፕራይምም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በቢፒና በአሞኮ ማደያዎች የ10 ሳንቲም ቅናሽ አክሏል፤ ለዕቃ መላኪያ ብሎ አስቀድሞ አባል ለሆነ ሰው ይህ ያለ ተጨማሪ ወጪ የተገኘ ነው፣ ለነዳጅ ብሎ 139 ዶላር መክፈል ግን ለጥቂቶች ብቻ ያዋጣል። ኮስትኮ ደግሞ 65 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቅ ሲሆን ቅናሹ በሰሌዳው ዋጋ ላይ ስላለ መተግበሪያ መክፈት አያስፈልግም፤ ጥሬ ገንዘብና ማስተርካርድ ክሬዲት ግን አይቀበልም፣ ሰልፉም ለሥራ ሰዓት አይመችም። ተሳፋሪ እያጓጓዘ የሚኖር ሰው በሰልፍ የሚያጠፋውን ሃያ ደቂቃ ከሚያተርፈው ሳንቲም ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል።

በዴቢት ካርድ የሚከፍሉ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ካርድ ፓምፕ ላይ ሲገባ፣ የሚቀዳው መጠን ገና ስለማይታወቅ፣ ማደያው ከሂሳቡ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ለጊዜው ሊያስይዝ ይችላል፤ ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ጣሪያ ከ125 ወደ 175 ዶላር አሳድገውታል። በሂሳቡ 200 ዶላር ብቻ ያለው ሰው 30 ዶላር ቀድቶ የቀረው ገንዘብ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሊያዝበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መተግበሪያውን ከዴቢት ጋር ከማያያዝ ይልቅ ገባ ብሎ የሚፈልገውን መጠን ነግሮ ቢከፍል ይሻለዋል። በተቃራኒው፣ የካርድ ቁጥር የሚሰርቁ መሣሪያዎች በፓምፕ ላይ በድብቅ ስለሚገጠሙ፣ ካርድ ሳያስገቡ በስልክ መክፈል ከዚህ ስርቆት ይጠብቃል።

ከቅናሹ ጀርባ ስላለው መረጃ የመሰብሰብ ሥራም ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ኦልስቴት የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያና አሪቲ የተባለው እህት ድርጅቱ በተለያዩ የስልክ መተግበሪያዎች አማካይነት የአሽከርካሪዎችን ቦታና እንቅስቃሴ ያለ በቂ ፈቃድ ሰብስበዋል በማለት ክስ መሥርቷል፤ በክሱ ከተጠቀሱት መተግበሪያዎች መካከል ጋዝበዲና ፉል ሪዋርድስ ይገኙበታል። ይህ ክስ እንጂ የፍርድ ውሳኔ አይደለም፤ ነገር ግን አሽከርካሪው እንዴት ፍሬን እንደያዘ፣ እንዴት እንደፈጠነ የሚመዘግብ መረጃ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያ ቢደርስ፣ በጋሎን የተገኘው 5 ሳንቲም በኢንሹራንስ ክፍያ ጭማሪ ሊዋጥ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ማንኛውንም እነዚህን መተግበሪያዎች የሚጭን ሰው የቦታ ፈቃዱን «መተግበሪያውን በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» በሚለው ላይ እንዲያደርግ፣ የእንቅስቃሴ መረጃ እንዲሰጥ ሲጠየቅም እንዲከለክል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቅናሹ ያለዚያም ይሠራል።

ምርጫው እንደ ኑሮው ይለያያል። ሙሉ ቀን የሚያሽከረክር ሰው ክሬዲት ካርዱን በየወሩ የሚከፍል ከሆነ አፕሳይድን ከካርዱ ጋር ቢያጣምር፣ በሚዘዋወርበት አካባቢ ኤክሶን ወይም ሞቢል የሚበዛ ከሆነም የዋልማርት ፕላስን ዓመታዊ አባልነት ቢጨምር ያዋጣዋል። የኡበርን የራሱን የዴቢት ካርድ የያዙ ደግሞ በነዳጅ ላይ የሚያገኙት ተመላሽ እንደ ደረጃቸው ስለሚለያይ፣ ከአፕሳይድ ጋር አስተያይተው ይምረጡ። ግብር ሲያሳውቁ በማይል ተመን (ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል ከገቢ ላይ በሚቀነስ የተወሰነ ገንዘብ) የሚጠቀሙ አሽከርካሪዎች፣ ተመኑ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ሆኖ ነዳጁን ጭምር ስለሚያካትት፣ በመተግበሪያው የተጠራቀመውን የነዳጅ ደረሰኝ ደግመው ማስቀነስ አይችሉም፤ ደረሰኙ የሚጠቅመው ትክክለኛ ወጪውን ለሚያሰሉት ነው። ለሥራ ደርሶ መልስ ብቻ ለሚያሽከረክር ቤተሰብ ጃየንትና ሼል ይበቁታል።

ስልክ ላይ መተግበሪያ መክፈት ለሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶችም መንገድ አለ፦ ልጅ ወይም የቤተሰብ አባል አንድ ጊዜ በፉል ሪዋርድስና በጃየንት ካስመዘገባቸው በኋላ፣ ሼል ማደያ ሲደርሱ ካርድ ከማስገባታቸው በፊት የተመዘገበውን የስልክ ቁጥር ፓምፑ ላይ ቢያስገቡ፣ ፓምፑ የተቀነሰውን ዋጋ አሳይቷቸው መቅዳት ይጀምራሉ።