ልጃችሁ "ደህንነት መግባት እፈልጋለሁ" ካላችሁ እኚህን ሰው አግኙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ ወላጆችና ወጣቶች፣ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፣ ግን ትጠቅማችኋለች።

እዚህ ደሴ አንድ ጋሼ አሉ። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ረጅም ዘመን በወንጀል መርማሪነት ሰርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ቅዳሜና እሁድ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ልጆች ያዘጋጃሉ፤ ፖሊስ፣ መከላከያ፣ ደህንነት፣ ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ፣ ሳይበር፣ ብቻ አገር የሚጠበቅበት የመንግስት ስራ ውስጥ መግባት የሚፈልጉ ልጆችን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ፣ ዲግሪውን ይዞ ስራ የሚፈልግም አለ። የእህቴ ልጅ እሳቸው ጋ ነው የተማረችው። እኔም ሳደርሳት እዚያው በር ላይ እየቆየሁ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙ አይቻለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ሪፖርት መጻፍ ነው። ወረቀቱን በማስመሪያ ሶስት ቦታ ያስከፍሏቸዋል። አንዱ ላይ "ያየሁት"፣ ሁለተኛው ላይ "የሰማሁት"፣ ሶስተኛው ላይ "የገመትኩት"። በቃ ይሄው ነው። ቀላል ይመስላል አይደል?

አንድ ቀን "ጥቅምት 2014 ከተማችን ሲያዝ የሆነውን ጻፉ" አሏቸው። ያኔ ደሴ የነበርን ሁላችን እናውቀዋለን። ወሬው ከጥይቱ ይቀድም ነበር። አንዱ ሐይቅ ደርሰዋል ይላል፣ ሌላው ኧረ ተመልሰዋል ይላል፣ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ። ሰው በወሬ ቤቱን ዘግቶ ይወጣል፣ በወሬ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ሃይስኩል ነበረች። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ከዚያ የጻፈችውን ለሶስት ስትከፍለው "ያየሁት" የሚለው ስር የገባው ጥቂት መስመር ብቻ ሆነ፤ ሌላው ሁሉ ወይ ሰው የነገራት ነው ወይ የመሰላት። እንባዋ መጣ። ጋሼ ውሃ አቀበሏትና "አይዞሽ ልጄ፣ የሰማሽው ውሸት ነው አላልኩም። ግን ማን ነገረሽ? እሱስ ከማን ሰማው? ይህን ሳትጽፊ ካለፍሽ አለቃሽ በአንቺ ግምት ሰው ያስራል" አሏት።

እኔ ይህን ስሰማ ነው ልቤ የረጋው። ምክንያቱም ከዚያ ጦርነት በኋላ የኛ ልጆች ይህን ስራ የሚመኙት በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ አገሬን እጠብቃለሁ ብሎ ነው፣ ሌላው ቂም ይዞ ነው። ጋሼ ሁለቱንም ይቀበላሉ። ቂም ይዞ የመጣውን ግን ቂሙን ሳያስቀምጥ ወደፊት አያሳልፉትም።

ህገ መንግስቱን ገዝተው እንዲመጡ ያደርጋሉ፣ የ1987ቱን። አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ያስነብቧቸዋል። አንቀጽ 26 ላይ የሰው ቤት፣ ደብዳቤና ስልክ ዝም ብሎ እንደማይበረበር። ማስነበብ ብቻ አይደለም፣ አንዱን ፖሊስ፣ አንዱን ተጠርጣሪ አድርገው ያለማምዷቸዋል። አንድ ልጅ ገና ከመጀመሩ ተጠርጣሪ የሆነው ጓደኛው ላይ ጮኸበት። ጋሼ አስቆሙትና "መጀመሪያ ለምን እንደያዝከው ንገረው፣ በሚገባው ቋንቋ" አሉት። ልጁ መልሶ መላልሶ ሰራው። ድምጹ ሲወርድ እዚያው በር ላይ ሆኜ ሰማሁት።

አንቀጽ 87 ላይ ሲደርሱ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር ሲቪል መሆን አለበት የሚለውን አሳዩዋቸው። አብዛኞቹ ልጆች ጄኔራል ይመስላቸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው መሾማቸውን ሲነግሯቸው የእህቴ ልጅ ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት። እዚያው አንቀጽ ላይ ሰራዊቱ ከየትኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ይሰራል የሚል አለ። ጋሼ ይቺን በቃላቸው ነው የሚያስይዟቸው።

ሌላው የወደድኩላቸው ነገር፣ ልጆቹ "ደህንነት" ሲሉ አንድ ቢሮ ብቻ ነው የሚታያቸው፣ እሳቸው ግን ይዘረዝሩላቸዋል። ብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት በአዋጅ ምን ስልጣን ተሰጠው፣ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ምን ይሰራል፣ የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ምን ይከታተላል፣ የውጭ ጉዳይስ። ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ካለ በክረምት ኢንሳ የሚያዘጋጀውን የሳይበር ታለንት ስልጠና እንዲከታተል ይነግሩታል፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን 958/2008ንም ያስነብቡታል። ለፖሊስነት ሰንዳፋ ስላለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያስረዳሉ። ኮምቦልቻ አፍንጫችን ስር ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ዲክላራሲዮን ላይ (ስለ እቃው ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ ላይ) የተጻፈውና መኪናው ላይ የተጫነው አንድ መሆኑን አይቶ የሚለይ ሰራተኛም አገር እየጠበቀ ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች ሃሳባቸውን ወደ ጉምሩክ አዙረዋል።

ቋንቋ ላይማ አይጣል ነው! የወሎ ልጅ ሳያውቀው ሀብታም ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ቀን ይሰማል። መድረሳ የተማረው ልጅ አረብኛ ማንበብ ይችላል። ጋሼ ይህን የቻለ ልጅ ሲያገኙ ትምህርት ማስረጃው ላይ ካለው ነጥብ በላይ ነው የሚያከብሩለት፣ እንዳይረሳውም ከሚናገሩት ልጆች ጋር ያጣምሩታል። በመረጃ ስራ፣ በኢሚግሬሽን፣ በጉምሩክ ኬላ ሰውን በቋንቋው ማናገር የሚችል ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ደላላ። ይሄን በጣም አስምሩበት። "ደህንነት ቤት ሰው አለኝ፣ ይህን ያህል አምጡና ልጁን አስገባለሁ" የሚሉ አሉ። ገጠር ያለ ዘመዳችን በሬ ሸጦ ሰጠ፤ ዛሬ በሬውም የለም፣ ሰውየውም ስልክ አያነሳም። ጋሼ ገና በመጀመሪያው ቀን ወላጆችን ሰብስበው የሚናገሩት ይህንን ነው። ቅጥር በማስታወቂያ ይወጣል፣ ፈተና አለው፣ የጤናና የኋላ ታሪክ ማጣሪያ አለው፤ ገንዘብ ጠይቆ አስገባለሁ የሚል ካለ ሌባ ነው፣ በቃ። በገንዘብ የገባ ልጅ ነገ በገንዘብ ሚስጥር ይሸጣል ብለው ይቆጣሉ። እሳቸው ራሳቸው ስራ አስገባለሁ ብለው ለማንም ቃል አይገቡም። ፎርም ላይ እድሜ ወይም ስራ ልምድ ጨምሩልኝ የሚል ልጅ ከመጣም እዚያው ያሰናብቱታል።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ልጅ አይሆኑም። ያለፈውን ፈተና መልስ ብቻ ስጡኝ የሚል ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። ማለዳ ጉሙ ሳይነሳ ወደ ጦሳ ተራራ ሩጫ አለ፣ ማርፈድ የለም፣ ስልክ ክፍል ውስጥ አይነካም። ደግሞ ብዙ ያጽፋሉ። ማንበብና መጻፍ የሚሸሽ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ተነጋገሩ።

የእህቴ ልጅ ፈተናዋን አልፋ ስራ ይዛለች፣ አልሐምዱሊላህ። የት እንደሆነ አልጽፍም። ስማቸውን ስትሰማ ዛሬም ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ጋሼ፣ አላህ ጤናና እድሜ ይስጥዎት፣ ልጆችዎን ይባርክልዎት። እናቷም፣ እኔም፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ እናመሰግንዎታለን።

ልጁን ማስመዝገብ የምትፈልጉ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ክፍያው የሚከብድ አይደለም፣ መክፈል የማይችል ልጅም በነጻ ይማራል፣ እኔ በአይኔ ያየሁት ነው። ደብተር፣ ማስመሪያና የህገ መንግስቱን ቅጂ ይዞ ይምጣ። ክፍሏ ግን ሞልታ ልጆች በር ላይ እየቆሙ ነው። ደሴ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የማይሰራበት ሰፋ ያለ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳና አግዳሚ ወንበር ያለው ሰው ካለ እባካችሁ እሱም ይጻፍልኝ።