ሆርሞኑ አልሠራ ሲል፦ ሉተሺየም፣ ኦላፓሪብ ወይስ ካባዚታክሴል?

ለተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን መርፌው እየተወጋ ፒኤስኤ (የካንሰሩን ሁኔታ የሚጠቁመው የደም ምርመራ ቁጥር) መውጣቱን ቀጥሏል። ከአዲሶቹ የሆርሞን ኪኒኖች አንዱ፣ አቢራቴሮን ወይም ኤንዛሉታሚድ፣ ተሞክሯል፤ እሱም አልያዘም። ቤተሰብ እዚህ ሲደርስ የሚጠይቀው «አዲሱ መድኃኒት የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ምርመራ ጠይቁ እላለሁ፦ የፒኤስኤምኤ ፔት ስካንና የዘረመል ምርመራ።

ስካኑ ለሉተሺየም-177 ነው፤ የገበያ ስሙ ፕሉቪክቶ ይባላል። መድኃኒቱ ፒኤስኤምኤ የተባለውን ፕሮቲን የያዘ ሴል ፈልጎ ይጣበቅና ጨረሩን እዚያው ይለቃል። ዕጢው ስካኑ ላይ ካልበራ መግዛቱ ትርጉም የለውም። በደም ሥር በየ6 ሳምንቱ ይሰጣል፣ ቢበዛ 6 ጊዜ። ቪዥን በተባለው ጥናት፣ ኬሞም አዲሶቹንም የሆርሞን ኪኒኖች ከጨረሱት ታካሚዎች መካከል፣ ይህ የተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ15.3 ወር በላይ ኖረዋል። ያልተጨመረላቸው ዘንድ ያው ቁጥር 11.3 ነበር። የምራቅ ዕጢም መድኃኒቱን ስለሚስብ አፍ ይደርቃል፤ እንጀራው ያለ ውሃ አልወርድ ይላል። ለተወሰኑ ቀናትም ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር መራቅ፣ ቁጭ ብሎ መሽናትና ውሃ ሁለቴ መልቀቅ አለ። የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ ማስቀመጥ ለለመዱ አባት ይህ ይከብዳል። ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኦላፓሪብ ይቀላል፤ ቤት ሆነው በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ግን ብራካ (BRCA) በተባለው ዘረመል ላይ ጉድለት ባለባቸው ላይ ነው፣ በተለይ ብራካ 2። ደም ማነስ ያመጣል፤ የደም ምርመራው አይዘለል። ጉድለቱ በውርስ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሴት ልጆቻቸውም ይመርመሩ፤ የጡትና የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ስጋት አብሮ ይወረሳል።

ካባዚታክሴል ስካንም ዘረመልም አይጠይቅም። ዶሲታክሴል የተባለውን ሌላ ኬሞ ቀድመው ለወሰዱ በየ3 ሳምንቱ የሚሰጥ ኬሞ ነው። «ኬሞ በቃን» ብሎ ከአቢራቴሮን ወደ ኤንዛሉታሚድ መዞር የተለመደ ነው፤ ኪኒን ይቀላላ! ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ካርድ (CARD) የተባለው ጥናት እንዲህ ያሉትን ታካሚዎች አነጻጽሮ ካባዚታክሴል የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ኬሞውን የወሰዱት ግማሾቹ ከ13.6 ወር በላይ ኖረዋል፤ ኪኒን የቀየሩት ዘንድ ያው ቁጥር 11 ነበር። የሰውነት አቅም ካላቸው እኔ ኬሞውን አስቀድማለሁ። ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ግን ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። 38 ከነካ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።