ዋሻና ዝሆን በአንድ ቀን፦ ከኩዋላ ላምፑር ስለሚሸጠው ጉብኝት ለሐዋሳ ተጓዦች

የማሌዢያ ዋና ከተማ በሆነችው ኩዋላ ላምፑር ብዙ አስጎብኚዎች የሂንዱዎችን የዋሻ ቤተ መቅደስና የዝሆኖችን መጠበቂያ ማዕከል በአንድ ቀን አዳብለው ይሸጣሉ። ከሐዋሳ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ የሚሄዱ ወዳጆች ትርፍ ቀን ሲያገኙ ይህን ጉብኝት መግዛት ያዋጣ እንደሆነ ስለሚጠይቁኝ፣ የሄድኩበትን ጉዞ መሠረት አድርጌ አስተያየቴን አቀርባለሁ። ለዝሆኖቹ ሲባል ገንዘቡን መክፈል ተገቢ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ግን በዚህ ጉዞ ውስጥ የሚገባውን ጊዜ ስለማያገኝ ለብቻው ቢታይ ይመረጣል።

ባቱ ዋሻዎች የሚባለው ስፍራ ከከተማዋ በስተሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሴላንጎር ግዛት ውስጥ የሚገኝ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ነው። ቤተ መቅደሱ እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን በተፈጥሮ በተቦረቦረ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የተቋቋመ በመሆኑ፣ የጠራቢዎችን ጥበብ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ስፍራው በአምልኮ የሚታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታምቡሳሚ ፒላይ የተባለ የታሚል ነጋዴ ሙሩጋን ለተባለው አምላክ ማምለኪያ ካደረገው ወዲህ ሲሆን፣ የታይፑሳም በዓል እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ይከበርበታል። በጥር ወር አካባቢ በሚውለው በዚህ በዓል ባለስለቶች የወተት ማሰሮ ተሸክመው፣ አንዳንዶቹም ጉንጫቸውንና ጀርባቸውን በሹል ብረት ወግተው ወደ ዋሻው ይወጣሉ። ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ምእመን አይቶ ለሚያውቅ ሰው የሥርዓቱ መንፈስ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ከኮረብታው ሥር እ.ኤ.አ. በ2006 የተመረቀው፣ 42.7 ሜትር ከፍታ ያለው ወርቃማ የሙሩጋን ሐውልት ቆሟል። ከጎኑ የሚነሱት 272 ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በልዩ ልዩ ቀለማት ተቀብተዋል። ታቦር ተራራን የመውጣት ልማድ ያለውን የሐዋሳ ሰው ደረጃው አያስቸግረውም፤ የሚያደክመው ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት ነው። በአሞራ ገደል ለጦጣ ኦቾሎኒ መስጠት የለመደ ሰውም እዚህ እጁን ይሰብስብ፤ በደረጃው ላይ የሚርመሰመሱት ጦጣዎች እስኪሰጧቸው የሚጠብቁ አይደሉም፣ የፕላስቲክ ከረጢት ካዩ ነጥቀው ይሄዳሉ። ጉልበትን የማይሸፍን ልብስ የለበሰ ሰው ከመግቢያው ሽርጥ እንዲከራይ ስለሚገደድ፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሰፋ ያለ ሻርፕ ቢይዙ ከዚህ ወጪ ይድናሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ የተሰጠን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር። አስጎብኚው ከታች ቆሞ ወጥተን እንድንመለስ ነገረን እንጂ፣ በዋሻው ውስጥ ስላሉት ምስሎች አንድም ቃል አላብራራልንም፤ ለማብራሪያ ተብሎ ገንዘብ ከተከፈለ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ወደ ዋናው ዋሻ መግቢያ በነጻ ነው፤ ኬኤል ሴንትራል ከተባለው የከተማዋ ዋና የባቡር ጣቢያ የሚነሳው የከተማ ዳርቻ ባቡርም ተሳፋሪውን እኮረብታው ሥር ያወርደዋል። በማለዳ ሄዶ ሙቀቱ ሳይበረታ መውጣት፣ ከዚያም ከሥሩ ካሉት የሕንድ ምግብ ቤቶች በአንዱ በሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርበውን ሩዝ መብላት ይቻላል። ምግቡ ሥጋ የለውም ማለት ግን የጾም ነው ማለት አይደለም፤ እርጎና ቅቤ ስለሚገባበት ጿሚ ሰው ሳይጠይቅ አይዘዝ።

የዝሆኖቹ ማዕከል የሆነው የኩዋላ ጋንዳ ጉዳይ የተለየ ነው። ማዕከሉ ከዋና ከተማዋ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ፣ በፓሃንግ ግዛት በላንቻንግ አቅራቢያ ስለሚገኝና በሕዝብ ማመላለሻ በቀላሉ ስለማይደረስበት፣ የተደራጀ ጉዞ መግዛቱ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመው የአገሪቱ የዱር እንስሳትና ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ከሰው ጋር የተጋጩ ዝሆኖችን ወደ ጥብቅ ደን ማዛወር የጀመረው ግን ቀደም ብሎ በ1974 ነበር። የግጭቱ መነሻ ደኑ እየተመነጠረ የጎማና የፓልም እርሻ መሆኑ ነው፤ መኖሪያው የተወሰደበት ዝሆን ለጋውን ፓልም እየነቀለ ሲበላ ገበሬው ይከስራል። በሐዋሳ ገበያ በጀሪካን የምንገዛው የሚረጋ የፓልም ዘይት ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ እርሻዎች የሚመጣ በመሆኑ፣ ነገሩ ከወጥ ቤታችን የራቀ አይደለም።

ለጎብኚዎች የሚታየው ፊልም የማዛወሩን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የዱሩ ዝሆን በማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ፣ የሠለጠኑ ዝሆኖች ከግራና ከቀኝ አጅበው ወደ ጭነት መኪናው ያደርሱታል፤ ከዚያም እንደ ታማን ነጋራ ባሉ ሰፋፊ ደኖች ይለቀቃል። ፊልሙን ሳያዩ በቀጥታ ወደ ምገባው የሚሮጡ ሰዎች ትልቁን ነገር ያጡታል ብዬ አምናለሁ፤ በማዕከሉ የሚታዩት ለማዳ ዝሆኖች ለምን እዚያ እንደሚኖሩ የሚገባው በዚህ ነውና።

ምገባው ራሱ አስደሳች ነው። ሸንኮራ አገዳውን ሲዘረጉለት የእስያው ዝሆን በኩምቢው ጫፍ ባለችው አንዲት ጣት መሰል ሥጋ ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ የአፍሪካው ዝሆን ሁለት አለው። ጆሮውም ከእኛው ዝሆን ያነሰ ነው፣ ሴቶቹም ጎልቶ የሚታይ ጥርስ የላቸውም። እኛ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ቢኖረንም፣ አብዛኞቻችን ዝሆንን በዚህ ቅርበት አይተን አናውቅም። በሄድኩበት ጉዞ ዝሆን መጋለብ አልነበረም፤ ይህም ለእንስሳቱ የሚበጅ በመሆኑ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። በወንዙ ውስጥ የሚያጥቧቸውም ጠባቂዎቻቸው ሲሆኑ፣ እኛ ከዳር ቆመን ተመልክተናል።

ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በመንገድ ላይ ስንት የቸኮሌትና የስጦታ ዕቃ መደብር እንደሚቆም ነው፤ የእኛው ጉዞ ለቤተ መቅደሱ የነፈገውን ደቂቃ ለእነዚህ በልግስና ሰጥቷል። ሁለተኛው፣ ዋሻውን ትቶ በቀጥታ ወደ ዝሆኖቹ የሚሄድ ጉዞ እንዳላቸው ነው፤ ሦስት አራት ሆነው ለሚሄዱ ሰዎች መኪና ከነሹፌሩ መከራየት ከዚህ ጥምር ጉብኝት ብዙም አይበልጥም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛ የዝናብ ልብስና በጭቃ የማያንሸራትት ጫማ ይያዝ።